አያያዥ ቃላት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ትምህርታችን፦ ከአዲስ ከተማ የታየ ታሪክ

በመርካቶ ዙሪያ በሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ድርሰት የሚያርም መምህር አንድ ዓይነት ስሕተት ደጋግሞ ያጋጥመዋል። ተማሪው ትናንት ከትምህርት ቤት መቅረቱን ይጽፍና አራት ነጥብ ያደርጋል፤ ከዚያም «ቢኮዝ» ብሎ አዲስ ዓረፍተ ነገር ይጀምራል። በሌላ ቦታ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን በ«ኦልዞው» ከከፈተ በኋላ መካከሉ ላይ «በት» ይጨምርበታል። ትጉህ የተባለው ተማሪ በበኩሉ በአንድ ገጽ ውስጥ «ሞርኦቨር»ን አራት ጊዜ ይደረድራል፤ ይሁንና ከቃሉ በፊትና በኋላ ያሉት ሐሳቦች ምንም ዝምድና የላቸውም። መምህሩ ከኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም «ሐሳቡ አልተያያዘም» ብሎ ይጽፍና ወደሚቀጥለው ደብተር ያልፋል።

ይኸው ተማሪ ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ተራ ወይም በሸማ ተራ ከቤተሰቡ ሱቅ ቆሞ ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዋጋ የጨመረው ቀረጡ ከፍ ስላለ እንደ ሆነ፣ ይሁን እንጂ ለደንበኛ እንደሚቀንስ፣ የሚቀንሰውም ገዢው ከአንድ ደርዘን በላይ የወሰደ እንደ ሆነ ብቻ መሆኑን ሳይደናቀፍ ያስረዳል። ምክንያትን ከውጤት፣ ተቃርኖን ከስምምነት፣ ቅድመ ሁኔታን ከግዴታ ለይቶ ያውቃል። እንግዲህ ጠዋት በክፍል ውስጥ «ሐሳቡ አልተያያዘም» የተባለው ልጅ ከሰዓት በኋላ ሐሳብ ማያያዝን ከወዴት አመጣው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

ጥያቄው ከአንድ ደብተር ማረሚያ ያለፈ ክብደት አለው። በአገራችን የሁለተኛና የከፍተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ አንድ ወጣት የማሰብ ችሎታው የሚመዘነው በአብዛኛው በዚህ ቋንቋ በሚጽፈው ነው። በመሆኑም የማያያዣ ቃል አጠቃቀም ጉድለት የአስተሳሰብ ጉድለት ተደርጎ ሲወሰድ፣ የሚጎዳው የተማሪው ውጤት ብቻ ሳይሆን ሰው ስለ እርሱ፣ እርሱም ስለ ራሱ ያለው ግምት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ጉድለቱ የአስተሳሰብ አለመሆኑን፣ ነገሩ ማያያዣው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ከሚሰቀልበት ቦታ ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ ይህም ታሪክ ያለው መሆኑን ለማመልከት ይሞክራል።

የገበያው ቋንቋና የወረቀቱ ቋንቋ

እንደሚታወቀው የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ከተማይቱን በያዘበት ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ነዋሪውን በዘር ለይቶ ለማስፈር በወጣው ዕቅድ መሠረት የአገሬው ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛወረ። ሥፍራው አዲስ ከተማ ተባለ፤ ገበያውም ኢጣሊያኖቹ በሰጡት ስም መርካቶ ሆኖ ቀረ። ቃሉ የተጫነበት ሕዝብ ቃሉን ወስዶ የራሱ አደረገው፤ «ተራ» የሚለውን የራሱን ቃል እያከለም ገበያውን ቆርቆሮ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እያለ ከፋፈለው። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ በቅርብ ርቀት በሚተያዩበት በዚህ ሠፈር አማርኛ፣ የጉራጌ ቋንቋዎች፣ ኦሮምኛ፣ ስልጢኛ፣ ትግርኛ፣ ሐረሪኛና ዐረብኛ ሲነገሩ ኖረዋል። ሮበርት ኩፐርና ሱዛን ካርፔንተር የተባሉ ተመራማሪዎች በተለያዩ የአገሪቱ ገበያዎች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የኢትዮጵያ ገበያተኛ በአንድ የጋራ የገበያ ቋንቋ ከመገልገል ይልቅ ብዙ ቋንቋ በማወቅ እንደሚግባባ አመልክተዋል። መርካቶን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ለመቀበል አይቸገርም።

እንግሊዝኛ ግን ወደዚህ ገበያ በአፍ አልገባም። የገባው በወረቀት ነው። በሣጥን ላይ በተለጠፈ ጽሑፍ፣ በዋጋ ማቅረቢያ ፕሮፎርማ፣ በመጫኛ ሰነድ፣ በባንክ በኩል በሚከፈት ኤልሲ ገባ። በእንግሊዝኛ የሚከራከር ነጋዴ በመርካቶ ብዙም አይገኝም፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ያላገኘው አስመጪ ግን የለም። ከነዚህም ወረቀቶች ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ትንንሾቹ ቃላት ናቸው። ለምሳሌ ኤልሲ የሚገዛው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ባወጣውና እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሚሠራበት ዩሲፒ 600 በተባለው ደንብ ነው። የዚህ ደንብ 7ኛ አንቀጽ ኤልሲውን የከፈተው ባንክ የመክፈል ግዴታ እንዳለበት የሚናገረው «ፕሮቫይድድ ዛት» ብሎ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ይህም ማለት የተጠየቁት ሰነዶች ከቀረቡና ከኤልሲው ጋር የተስማሙ ከሆነ ማለት ነው። ይህን ሐረግ እንደ ጌጥ አይቶ ያለፈ ሰው ባንኩ በማንኛውም ሁኔታ እንደሚከፍል ሊያስብ ይችላል። በሰነዱ ላይ አንዲት ልዩነት ተገኝታ ክፍያው ሲታገድ ግን የሐረጉን ክብደት በገንዘቡ ይማረዋል።

ሁለት ዓምዶች

መደበኛው እንግሊዝኛ በመንግሥት ጽሑፍ ውስጥ ከአማርኛ ጋር ጎን ለጎን ቆሞ በየጊዜው መታየት የጀመረው ከነጻነት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቀዳሚው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤትም፣ በ1917 ዓ.ም. የተመሠረተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ለፈረንሳይኛ ሰፊ ቦታ ሰጥተው ነበር። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደ። አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያን ሄራልድ በ1935 ዓ.ም. መታተም ጀመሩ። በእነዚህ መካከል፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ነጋሪት ጋዜጣ ተቋቋመ፤ ሕጉም በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በሁለት ዓምድ ጎን ለጎን መውጣት ያዘ።

የቋንቋ መምህራን ይህን ጋዜጣ የሕግ ሰዎች ንብረት ነው ብለው መተዋቸው ያስቆጫል። የሁለቱን ቋንቋዎች አያያዥ ቃላት አሠራር ከዚህ የበለጠ ጎን ለጎን የሚያሳይ ጽሑፍ በአገራችን አይገኝም። የአዋጅ መግቢያ ብቻ ወስደን እንመልከት። በእንግሊዝኛው ዓምድ እያንዳንዱ የመግቢያ አንቀጽ በ«ዌርአዝ» ይጀምራል፤ ምክንያቶቹ ተዘርዝረው ካበቁ በኋላ ደግሞ «ናው፣ ዘርፎር» የሚል በዐቢይ ፊደላት ይመጣና ሕጉ መታወጁ ይነገራል። በአማርኛው ዓምድ ግን አንቀጹ በማያያዣ አይጀምርም። ነገሩ ይነገርና መጨረሻው ላይ «አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ» ይላል። ወዲያው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ይጠቀስና «የሚከተለው ታውጇል» ይባላል። ዛሬ በሚወጡት አዋጆች ዘንድ «ዘርፎር» ለሚለው ቃል በአማርኛው ዓምድ አንድ ለአንድ የቆመ «ስለዚህ» በአብዛኛው አይገኝም።

ይህ ሲባል የአማርኛው ሕግ ምክንያትና ውጤት የለውም ማለት አይደለም። «በመገኘቱ» የሚለው ቃል መነሻው «በ»፣ መድረሻው «ቱ» ሆኖ ምክንያትነቱን በራሱ አካል ተሸክሟል። እንግሊዝኛው ምክንያቱን በምክንያቱ ራስ፣ ውጤቱን ደግሞ በውጤቱ ራስ ላይ ሲያስታውቅ፣ አማርኛው ምክንያቱን በምክንያቱ ጅራት ላይ አስሮ ወደ ውጤቱ በዝምታ ይሻገራል። አንባቢው አልጠፋበትም፤ ድልድዩ ከወንዙ ማዶ ሳይሆን ከወዲህ ነው የቆመው። ከአማርኛው ዓምድ ወደ እንግሊዝኛው ቃል በቃል የሚሻገር ተማሪ እንግዲህ «ዘርፎር»ን ቢረሳ የሚደንቅ አይሆንም፤ በራሱ ቋንቋ ያንን ቃል የሚጽፍበት ቦታ አልነበረውም።

ሌሎቹንም ብናስተያይ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። እንግሊዝኛው አንቀጹን «ኖትዊዝስታንዲንግ» ብሎ ሲጀምር፣ አማርኛው «የተደነገገው ቢኖርም» ብሎ በሐረጉ መጨረሻ ያስቀምጠዋል። «ዊዛውት ፕሬጁዲስ ቱ» የሚለው «እንደተጠበቀ ሆኖ» ይሆናል፤ ይህም በመጨረሻ ነው። «ኧንለስ» የሚለው «ካልሆነ በቀር» ሆኖ እንዲሁ ወደ ኋላ ይሄዳል። ግስ በመጨረሻ የሚያርፍበት ቋንቋ ማያያዣውንም ከግሱ ጋር ይዞት ይሄዳል። አማርኛው የመጨረሻውን ሥልጣን የያዘ ጽሑፍ ነው፤ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው የ1987ቱ አዋጅ ቁጥር 3ም በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲገኝ አማርኛው እንደሚጸና ወስኗል። ስለሆነም የእነዚህ ትንንሽ ሐረጎች ጉዳይ የትርጉም ባለሙያ ጨዋታ ሳይሆን የመብት ጉዳይ ነው።

ነገሩ የመርካቶን ሰው በቅርብ የሚመለከትበት ቦታ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ ነው። የዚህ ሕግ 1723ኛ ቁጥር የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲሁም በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲሆን ያዛል። እዚህ ላይ «እንዲሁም» እና «ወይም» ሁለት የተለያዩ ሸክሞች ተሸክመዋል፤ የመጀመሪያው ሁለቱንም ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ከሁለት አንዱን ያስመርጣል። ሁለተኛው ግዴታ ውሉ እንዲጸና ነው ወይስ ለማስረጃ ብቻ የሚለው ክርክር የሕግ ባለሙያዎችን ለብዙ ዓመታት አነጋግሯል። በሽማግሌ ፊት ወረቀት ተጻጽፎ ሱቅ ወይም ቤት የገዛ ሰው ዕጣው የሚወሰነው በዚህች «እንዲሁም» ላይ ነው። ሰው ስለ አያያዥ ቃል ሲነሳ የሰዋስው ሰልችነት ትዝ ይለው ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ውል በእጁ ላለ ሰው ግን ሰልችነት የለውም።

(ስለ ሁለት ቋንቋ ጽሑፍ ሲነሳ ሁሉም ወዲያው የሚጠቅሰው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ነው። የዚያ አንቀጽ ልዩነት ግን በግስ ላይ ነው፤ «ይችላሉ» እና «ተስማምተዋል» በሚሉት መካከል ነው። በግስ የመጣ ጥፋት ጦር እስከ ማስነሣት ስለ ደረሰ በታሪክ መጻሕፍት ገባ። በማያያዣ የሚመጣ ጥፋት ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ቤተሰብ ወይም በአንድ ነጋዴ ላይ ይወድቅና በፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።)

ማያያዣው የት ይሰቀላል?

አሁን ወደ ደብተሩ እንመለስ። «ቢኮዝ»ን ከአራት ነጥብ በኋላ የጻፈው ተማሪ በአማርኛ ሲያስብ «ትናንት ቀረሁ። ምክንያቱም ስለ ታመምሁ ነው።» ይላል። በአማርኛ ይህ ስሕተት የለበትም። «ምክንያቱም» የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሆኖ፣ «ነው» ደግሞ ማሰሪያው ሆኖ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሙሉ ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ቢኮዝ» ባለቤት አይሆንም፤ የሚጠጋው ዋና ሐሳብ ያስፈልገዋል። ተማሪው ያጠፋው በቋንቋው ትክክል የሆነውን ነገር ትክክል ወዳልሆነበት ቋንቋ በማሻገር ነው። ከዚህም በላይ አማርኛ ምክንያትን ሁለት ጊዜ ያስራል፤ «ምክንያቱም» ብሎ በራሱ፣ «ስለ» ብሎ በግሱ።

የ«ኦልዞው»ና የ«በት» ጉዳይም እንዲሁ ነው። «ምንም እንኳ ቢዘንብም፣ ወደ ገበያ ወረደ» ስንል «ምንም እንኳ» ከራሱ፣ «ቢ» እና «ም» ደግሞ ከግሱ ጋር ሆነው የመቃረኑን ሐሳብ ከሁለት ወገን ይዘውታል። በንግግር ጊዜ ደግሞ «ግን» የሚል ሦስተኛ መጨመር የተለመደ ነው፤ ማንም ይህን እንደ ስሕተት አይቆጥረውም። እንግሊዝኛ ለዚህ አንድ መስቀያ ብቻ ይፈቅዳል። ሦስት ገመድ የለመደ ሰው አንድ ገመድ ሲሰጠው ሸክሙ የሚወድቅበት ይመስለውና ሁለተኛውን ይጨምራል።

ሦስተኛው ችግር ከሁሉ የከበደ ሲሆን፣ የሚመነጨው ቦዝ አንቀጽ ከተባለው ግስ ነው። «ሱቁን ከፍቶ፣ ዕቃውን ደርድሮ፣ ሒሳቡን ተቆጣጥሮ ደንበኛ ጠበቀ።» አራት ሥራ በአንድ ማሰሪያ ተፈጽሟል፤ አንድም «እና» አልተጻፈም። ይኸው ቦዝ አንቀጽ አንዳንድ ጊዜ የጊዜ ቅደም ተከተልን፣ አንዳንድ ጊዜ ምክንያትን ይገልጻል። «አርፍዶ ተባረረ» የሚለው በቅደም ተከተል መልክ ቢነገርም ትርጉሙ የምክንያት ነው። አማርኛ ይህን ለአንባቢው ማስተዋል ትቶታል። እንግሊዝኛ ግን ጸሐፊው እንዲመርጥ ያስገድደዋል፤ «አፍተር» ይሁን ወይስ «ቢኮዝ»፣ ወይስ «ሶ»? ተማሪው የመረጠው ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው መምረጥ እንዳለበት ማን ነገረው? አብዛኛው የመማሪያ መጽሐፍ የሚሰጠው የማያያዣዎችን ዝርዝር ነው፤ የመደመር፣ የመቃረን፣ የምክንያት፣ የጊዜ ብሎ በአራት ከፍሎ። ክፍፍሉ ሃሊዴይና ሐሰን እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ እንግሊዝኛ ጽሑፍ መያያዝ ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ካለው ጋር የሚመሳሰል ሲሆን በራሱ ስሕተት የለበትም። ይሁንና እነዚሁ ሊቃውንት ማያያዣ ቃል ጽሑፍን ከሚያያይዙት አምስት መንገዶች አንዱ ብቻ መሆኑን ገልጸዋል። ተውላጠ ስም፣ የቃል ድግግሞሽና የመሳሰሉትም ሥራውን ይሠራሉ። የእኛ ተማሪ ዝርዝሩን ተቀበለ፤ ሌሎቹ አራቱ ግን አብረውት አልመጡም። «ሞርኦቨር» በየአንቀጹ ራስ ላይ እንደ አዝራር የሚሰፋው ከዚህ የተነሣ ይመስላል።

እዚህ ላይ በውጭው ዓለም ይነገር የነበረ አንድ አስተሳሰብ መጥቀስ ተገቢ ነው። ሮበርት ካፕላን የተባለ አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው ጽሑፍ የተለያዩ ሕዝቦች ተማሪዎች የሚጽፉበትን አካሄድ በሥዕል አሳይቶ፣ እንግሊዝኛን በቀጥታ መስመር፣ ሌሎችን በዙሪያ ጥምጥምና በመሰባበር ወክሎ ነበር። ጽሑፉ በብዙ አገር መምህራን ዘንድ ተነቧል፤ ሰፊ ተቃውሞም ገጥሞታል፤ ራሱ ካፕላንም በኋላ አቋሙን አለዝቧል። ሐሳቡ ግን በየክፍሉ «እነርሱ እንዲህ ነው የሚያስቡት» በሚል መልክ ቀርቷል። ከላይ ባየነው የነጋሪት ጋዜጣ ዓምድ መሠረት ግን አማርኛው አይጠመጠምም፤ ምክንያት ከውጤት ቀድሞ በቀጥታ ይሄዳል። የተለየው የማሰሪያው ቦታ ነው።

ማሰሪያውን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የግዕዝ ሰዋስው ከሚያጠናቸው ክፍሎች አንዱ አገባብ ይባላል። ዐቢይ አገባብ፣ ንኡስ አገባብና ደቂቅ አገባብ ተብሎ በሦስት ተከፍሎ የእያንዳንዱ ትንሽ ቃል ጠባይ በቃል ይጠናል፤ በቅኔም ይፈተናል። ከነዚህም ውስጥ ምክንያትን የሚያመለክተው «እስመ» እንደ እንግሊዝኛው «ቢኮዝ» በምክንያቱ ራስ ላይ ይቆማል። መምህሩ ግን ወደ አማርኛ ሲመልሰው «ና» አድርጎ በግሱ ጅራት ላይ ያስረዋል፤ «እስመ መጽአ» የሚለው «መጥቷልና» ይሆናል። የቅኔ ተማሪ እንግዲህ ከልጅነቱ ጀምሮ በየቀኑ ማያያዣን ከራስ ወደ ጅራት፣ ከጅራት ወደ ራስ ሲያመላልስ ያድግ ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህን ችሎታ እንደ መንደርደሪያ ቢጠቀምበት ኖሮ ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ምን ያህል በጠቀመ ነበር! ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ግን ተራርቀው ኖሩ፤ አገባብ ለግዕዝ፣ «ሊንከር» ለእንግሊዝኛ ተብሎ ሳይተዋወቁ ቀሩ።

ከድርሰት ወደ ምርጫ

በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማሪዎቻቸውን ያዘጋጁት በእንግሊዝ አገር ወግ ነበር። በዚያ ወግ ከተለመዱት ልምምዶች አንዱ አንድን ረጅም ጽሑፍ ወደ ሦስተኛው ያህል ማሳጠር ነው። ይህ ልምምድ ዛሬ እንደ ኋላ ቀር ሲታይ እንሰማለን። በአቅራቢው እምነት ግን አያያዥ ቃልን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ገና አልተገኘም፤ ምክንያቱም ጽሑፍን ያለ ትርጉም ጉድለት ለማሳጠር የትኛው ሐሳብ ምክንያት፣ የትኛው ውጤት፣ የትኛው ምሳሌ ብቻ እንደ ሆነ ማወቅ ግድ ስለሆነ ነው። (አንባቢ ልብ ብሎ ከሆነ፣ አቅራቢውም «ምክንያቱም» እና «ስለሆነ ነው»ን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስሯል፤ በአማርኛ ይፈቀዳል።)

በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት አመራሩን የያዙት ካናዳውያን ኢየሱሳውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ገቡ፤ ከመጀመሪያው ቡድን አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በመምህርነት ተመደቡ። ከሕንድ የመጡ መምህራንም በብዛት ነበሩ። እያንዳንዱ የራሱን የአጻጻፍ ልማድ ይዞ ስለ መጣ፣ አንድ ተማሪ ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ሦስት የተለያዩ የማረሚያ ልማዶች ሊያጋጥሙት ይችሉ ነበር።

ወሳኙ ለውጥ በ1956 ዓ.ም. ነው። አማርኛ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ፤ እንግሊዝኛ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያ ሆኖ ቀጠለ። ውሳኔው ለሕፃናቱ ትክክለኛ ነበር። ሆኖም ስድስት ዓመት በግስ ጅራት ሐሳቡን ማሰር የለመደ ልጅ በሰባተኛ ክፍል የታሪክና የሳይንስ መጽሐፍ በሌላ አስተሳሰር ተጽፎ ሲያገኘው፣ ይህን ሽግግር በግልጽ የሚያስተምረው ክፍለ ጊዜ አልተዘጋጀለትም። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላም በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚማሩት ሕፃናት በቁጥርም በቋንቋም ሲበዙ፣ ችግሩ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በሶማሊኛም ለተማረው ሁሉ የሚነሳ ሆነ። እነዚህም ቋንቋዎች ግሳቸውን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚያሳርፉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1986 ጆን ስቶዳርት ለትምህርት ሚኒስቴር ባቀረበው የጥናት ሪፖርት የተማሪዎቹ እንግሊዝኛ ትምህርቱን ለመከታተል የማይበቃ መሆኑን አመልክቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጻሕፍት ማሻሻያና የመምህራን ሥልጠና ተከትሏል።

ፈተናው ግን ሌላ መንገድ ሄደ። በብሔራዊ ፈተናው የእንግሊዝኛ ወረቀት መልስ የሚሰጠው በምርጫ ነው። ባዶ ቦታ ይተውና «ሀውኤቨር»፣ «ዘርፎር»፣ «ኢን አዲሽን»፣ «ፎር ኢንስታንስ» ተደርድረው ተማሪው አንዱን ፊደል ያጠቁራል። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። አንድ መምህር አምስት ክፍል፣ በእያንዳንዱ ስልሳ ተማሪ ቢያስተምር ሦስት መቶ ድርሰት ይሆናል፤ ለአንዱ አምስት ደቂቃ ቢሰጥ ሃያ አምስት ሰዓት ነው። በመላ አገሪቱ የሚፈተኑትን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ድርሰት ማረም ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። ነገር ግን የሚፈተነው ነገር የሚማረውን ይወስናልና፣ ተማሪው ማያያዣን የሚያውቀው ሌላ ሰው ባሰናዳው ሐሳብ መካከል ሲገኝ ብቻ ሆነ። ራሱ ሐሳቡን አንሥቶ፣ ራሱ ዝምድናውን ወስኖ፣ ራሱ ቃሉን የሚያኖርበት አጋጣሚ ቀነሰ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው በተገለጸ ጊዜ ብዙ ምክንያት ተሰጥቷል። ከነዚህ ውስጥ የእንግሊዝኛ ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ ከዚህ ቁጥር ብቻ ተነሥቶ «ስለዚህ» ማለት አይቻልም፤ ጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛ መነበባቸውን ግን መዘንጋት አይገባም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት እንደገና ተጀምሮ እንግሊዝኛም በውስጡ መሰጠቱ በጎ እርምጃ ነው። ቢሆንም ልጁ እዚያ እስኪደርስ ድረስ መጠበቅ የለበትም።

በአዲስ ከተማ የሚያስተምር መምህር ለዚህ ሥራ የሚሆን ነገር በእጁ አለ። አንድ የአዋጅ መግቢያ ያቅርብና የእንግሊዝኛውን ዓምድ በወረቀት ይሸፍን። ተማሪዎቹ በአማርኛው ውስጥ ምክንያቱን የሚሸከመውን ቃል ፈልገው ያስምሩበት። ከዚያ ወረቀቱ ይነሣና ያ ቃል በእንግሊዝኛው ወዴት እንደ ሄደ ይፈልጉ። ሁለተኛው ልምምድ ከሱቅ ይምጣ፤ ተማሪው ቤተሰቡ ለአንድ ደንበኛ የዋጋ ለውጥ ያስረዳበትን ንግግር በአማርኛ ይጻፍ፤ በእያንዳንዱ «ስለ»፣ «ቢ…ም»፣ «እንጂ» እና ቦዝ አንቀጽ ላይ ምልክት ያድርግ፤ ከዚያ በኋላ ለውጭ አቅራቢ እንደሚጻፍ መደበኛ ደብዳቤ አድርጎ በእንግሊዝኛ ያዘጋጀው። በየማሰሪያው ላይ አንድ ብቻ እንዲተው ይጠየቅ፤ በየቦዝ አንቀጹ ላይ ደግሞ «አፍተር» ወይም «ቢኮዝ» ብሎ እንዲመርጥ፣ የመረጠበትንም ምክንያት በአማርኛ እንዲያስረዳ ይደረግ። የመምህሩ ቀይ ቀለም በዚህ ጊዜ በኅዳጉ ላይ «ሐሳቡ አልተያያዘም» የሚለውን ትቶ የማያያዣው ቦታ ያልተስተካከለበትን ቃል ብቻ ያክብብ። በመጀመሪያው ደብተር ላይ ከአራት ነጥብ በኋላ «ቢኮዝ» የጻፈው ልጅም ይህን ልምምድ ካደረገ በኋላ ድርሰቱን ራሱ ሲያርም፣ የሚሰርዘው ቃሉን ሳይሆን አራት ነጥቡን ይሆናል።